ስሙን በጸሎት የማናነሣው ወንድም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በሰሜኑ የአገራችን ክፍል የተነሣው ጦርነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ በተፈረመው ስምምነት ረግቧል። በቤተ ክርስቲያን ውስጥ የተከፈተው ቁስል ግን በፊርማ አልዳነም። በትግራይ ያሉ አባቶች በመከራችን ጊዜ ድምፅ አልሆናችሁንም የሚል ቅሬታ አላቸው። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ማትያስ በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ከብፁዓን አባቶች ጋር መቐለ ድረስ ሄደው ይቅርታ ቢጠይቁም የታሰበው እርቅ አልተገኘም፤ በዚያው ወር በአክሱም ቅዱስ ሲኖዶስ ያልፈቀደው የኤጲስ ቆጶሳት ሢመት ተፈጸመ። ስለ ቀኖናውና ስለ አስተዳደሩ ብዙ ተጽፏል። ስለ ጸሎታችን የተጻፈው ግን ጥቂት ነው።

ቅዱስ ዮሐንስ ወንጌላዊ በመጀመሪያይቱ መልእክቱ ምዕራፍ 3 ላይ፥ በቃል ሳይሆን በሥራ የሚዋደዱ ሰዎች ልባቸው ስለማይፈርድባቸው በእግዚአብሔር ፊት ድፍረት እንዳላቸው ያስተምራል። በዕለት ንግግራችን ድፍረት ብዙ ጊዜ የነውር ስም ነው። ሐዋርያው የሚናገረው ግን ልጅ በአባቱ ቤት ሳይሳቀቅ የሚጠይቅበትን መታመን ነው። ያ መታመን ከወንድም ፍቅር ተነጥሎ አይገኝም፤ በዚያው ምዕራፍ ወንድሙን የሚጠላ ከነፍሰ ገዳይ ተቆጥሯል።

በጦርነቱ ዓመታት በሁለቱም ወገን ያሉ ኦርቶዶክሳውያን በአንድ ግእዝ ቀድሰዋል፥ በአንዲት እመቤት ተማጽነዋል፥ አንዱን ዳዊት ደግመዋል። ዳዊት ስለ ጠላት የሚናገረውን ሊቃውንቱ ወደ አጋንንትና ወደ ኃጢአት ሲተረጕሙት ኖረዋል፤ ብዙዎቻችን ግን የጎረቤታችንን ፊት እያሰብን ደግመነዋል። በማኅበራዊ መገናኛው ደግሞ ጸሎት ተብሎ የሚጻፈው እርግማን ዛሬም አልቆመም። መጨረሻው አሜን ስለሆነ ብቻ ጸሎት አይሆንም።

ለዚህ ቅርብ ምሳሌ አለን። አባቶቻችን በአገር ቤትና በስደት በሁለት ሲኖዶስ ተለያይተው ከ25 ዓመታት በላይ ሲኖሩ፥ በአሜሪካ ያለ ምእመን መለያየቱን ያወቀው በመግለጫ ብቻ አልነበረም፤ በቅዳሴ ላይ የማን ስም ተነሥቶ የማን እንደ ታለፈ በመስማት ጭምር ነው። በሐምሌ 2010 ዓ.ም. በዋሽንግተን ዲሲ እርቅ ሲወርድ የሁለቱም ቅዱሳን ፓትርያርኮች፥ የአቡነ መርቆሬዎስና የአቡነ ማትያስ፥ ስም በጸሎት እንዲነሣ ተወሰነ። አቡነ መርቆሬዎስም ሐምሌ 25 ቀን ወደ አገራቸው ተመለሱ። በእኔ እይታ ከስምምነቱ ነጥቦች ሁሉ ወደ ምእመኑ ጆሮ ፈጥኖ የደረሰው ይህ ነው፤ አስተዳደርን ማዋሐድ ጊዜ ይፈልጋል፥ ስም መጥራት ግን በሚቀጥለው ቅዳሴ ይቻላል።

ዲያቆን በቅዳሴ ከጸሎተ ሃይማኖት በኋላ፥ ወደ አኮቴተ ቍርባኑ ከመገባቱ በፊት፥ ሕዝቡ እርስ በርሱ ሰላምታ እንዲሰጣጥ ያዝዛል። ይህን ትእዛዝ የምናሰማ ዲያቆናት ሳንቀር እጅ መንሣቱን እንደ ልማድ አሳልፈነዋል። ጌታ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5 መባን በመሠዊያ ፊት ትቶ ስለ መሄድ ሲያስተምር፥ ሂድ የተባለው የተቀየመው ሰው አይደለም፤ ወንድሙ እንደ ተቀየመበት ያሰበው ነው። ይቅርታ ጠያቂው በደሉን መጀመሪያ መዝኖ፥ ማን ይበልጥ በደለ ብሎ አስልቶ እንዲነሣም አልተባለም።

ልጁን የቀበረ፥ ከቀዬው የተፈናቀለ ሰው ይህን ሲሰማ ፍትሕስ ወዴት ሄደ ቢል አይፈረድበትም። ፍቅር በደልን መሸፈኛ አይደለም፤ የተደረገው በስሙ ሊጠራ፥ በዳይ ሊጠየቅ ይገባል። ለበዳይ የሚጸልይ ሰው ምስክርነቱን አይተውም። የሚተወው የዚያን ሰው ጥፋት መመኘትን ነው፤ ይህም በአንድ ቀን የሚፈጸም አይደለም። ቁጣው ያልበረደለት ሰው ቁጣውን ይዞ ይቁም፥ ለእግዚአብሔርም ይንገረው።

በጸሎተ ፍትሐት ካህኑ የሚያነሣው የክርስትና ስምን ነው። ወልደ ሚካኤል የዓድዋ ሰው ይሁን የወልድያ፥ ስሙ አይናገርም። በጦርነቱ የሞቱትን በየቤታችን ስናስብ ከሌላው ወገን ለሞተ ለአንድ ሰው ብንጸልይ፥ በሕይወት ካሉትም ያኰረፍነውን አንድ ወዳጅ በክርስትና ስሙ ብናነሣ ሥርዓቱ አይከለክለንም። ስሙን የማናውቀው ከሆነ ደውለን እንጠይቀው፤ እርሱም የእኛን መልሶ ይጠይቀን ይሆናል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።