ምሳ የት ይበላል?

ባለፈው ሳምንት አንድ የድሮ ተማሪዬ ደወለልኝ። ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ሁለት ዓመት ሥራ ሲፈልግ ከርሞ፣ በስንት መከራ ካዛንቺስ አካባቢ አንድ መሥሪያ ቤት ገብቷል። እንኳን ደስ ያለህ፣ ደመወዙ እንዴት ነው፣ አለቃህስ ምን ዓይነት ሰው ነው ተባብለን ልንዘጋ ስንል፣ «ቲቸር፣ እዚያ ሰፈር ግን ምሳ የት ነው የሚበላው?» አለኝ።

ቀላል ጥያቄ ነው። እኔ ደግሞ ለዚያ ሰፈር ምሳ እንግዳ አይደለሁም፤ ስምንት ዓመት እዚያው አካባቢ አስተምሬያለሁ። አፌ ላይ የመጣውን ቤት ልጠራለት ስል ቆምኩ። የለም። ሁለተኛውን አሰብኩ፤ እሱም የለም። ሦስተኛው አሁን የብስክሌት መንገድ ሆኗል። «እስቲ ላስብና ልደውልልህ» ብዬ ዘጋሁት።

ሳምንት ሙሉ ሳስብ የመጣልኝን ነው እዚህ የምጽፈው። ረዘም ይላል፤ ምሳ ሰዓት ላይ የምታነቡት ካላችሁ እንጀራው እንዳይደርቅባችሁ።

የመንግሥት ሠራተኛ የምሳ ሰዓት ከሰኞ እስከ ሐሙስ ከ6፡30 እስከ 7፡30 ነው። ዓርብ ከ5፡30 ስለሚጀምር ሁለት ሰዓት ይሆናል። ይቺ አንድ ሰዓት ወረቀት ላይ ብዙ ትመስላለች። ግን ከፎቅ ወርደህ፣ አስፋልት ተሻግረህ፣ ቦታ ጠብቀህ፣ እጅህን ታጥበህ፣ በልተህ፣ ቡናህን ጠጥተህ ነው የምትመለሰው። ስለዚህ ጥሩ ምሳ ቤት ማለት መጀመሪያ ቅርብ የሆነ ነው። ቀጥሎ ርካሽ የሆነ። ጣዕም ሦስተኛ ነው፣ እሱም ከተገኘ። ቲክቶክ ላይ «የአዲስ አበባ ምርጥ ምግብ ቤቶች» እያሉ የሚያዞሩን ልጆች ይሄን ቅደም ተከተል ገልብጠው ነው የሚነግሩን። ቦሌ ያለ ቤት የፈለገውን ያህል ቢጣፍጥ ለካዛንቺስ ሠራተኛ ምሳ አይሆንም፤ የቅዳሜ ግብዣ ነው።

እኔ የምበላበት ቤት ታፔላ አልነበረውም። ከዋናው መንገድ ወደ ውስጥ ታጥፈህ፣ ሰማያዊ የቆርቆሮ በር አለ፣ በሩ ላይ ነጭ መጋረጃ። ውስጡ አራት ጠረጴዛ፣ አግዳሚ ወንበር፣ ጥግ ላይ ባለ ቧንቧ ጀሪካን። የባለቤቷን ስም እስከ ዛሬ አላውቀውም። ሁላችንም «እትዬ» ነበር የምንላት። እሷም እኔን በስሜ ጠርታኝ አታውቅም፤ «አስተማሪው» ነበርኩ። የሚኒስቴሩ ሹፌር «ሹፌሩ» ነው፣ ባንክ የምትሠራዋ ልጅ «ብርዬ» ነበረች። ረቡዕና ዓርብ በየዓይነቱ፣ በሌላው ቀን ሽሮና ምስር፣ ደመወዝ ሰሞን ደግሞ ጥብስ። ሽሮዋ ጠረጴዛ ላይ ከደረሰ በኋላም እየተንተከተከ ነበር የምናየው። በ2009 ስጀምር 20 ብር ነበር፤ በ2016 መጨረሻ 80 ደርሷል። ጭማሪ እንጀራ ግን ጤፉ ሰማይ ሲነካም አስከፍላ አታውቅም።

እዚያ ቤት ታዲያ ዝም ብለህ አትገባም። ማለቴ፣ በጥሬ ብር ከሆነ ማንም ይበላል። ደብተሩ ላይ ለመጻፍ ግን ሰው ያስፈልግሃል። እኔን የወሰደኝ አንድ አንጋፋ የፊዚክስ መምህር ነው። «ይሄ የኛ ነው» አላት፤ በቃ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በልቼ እወጣለሁ፣ ደመወዝ ሲወጣ እከፍላለሁ። ቆይቶ ነው የገባኝ፦ እኔ ሳልከፍል ብጠፋ የሚከፍለው እሱ ነው። ከእኔ በፊት ዝውውር ወጥቶለት እብስ ላለ አንድ መምህር የሦስት ሳምንት ምሳ ከፍሏል። ሲስቅ ነው የነገረኝ።

እንግዲህ በዚያ ዘመን አዲስ ተቀጣሪ ቢሮ ገብቶ «ምሳ የት ነው የሚበላው?» ብሎ ሲጠይቅ አድራሻ መጠየቁ አልነበረም። ሳያውቀው ዋስ ነው የሚጠይቀው። «ና እኔ ጋ» ያለው ሰው ዋስ ሆነለት ማለት ነው። አንድ ሰው መሥሪያ ቤት ውስጥ ሰው የሆነው፣ መታወቂያ ሲሰጡት ሳይሆን ምሳ ሲያሳዩት ነበር። እኔ እንደዚያ ነው የማምነው።

ደመወዝ ሊወጣ ሳምንት ሲቀረው «ሁለት ለሦስት» የሚባል ነገር ነበር። ሦስት ሰው ሁለት ምግብ ያዛል። እትዬ አይታ እንዳላየች ትሆንና ትሪው ላይ ትንሽ ጎመን፣ ትንሽ ድንች ጣል ታደርጋለች። አንድ የኛ መምህር፣ ቤቱ ሦስተኛ ልጅ ሲወለድ፣ «ዛሬ አልተመቸኝም» እያለ ምሳ መቅረት ጀመረ። እኛ አላስተዋልንም፤ እሷ ናት ያስተዋለችው። «የናንተ ሰውዬስ? ማክሰኞም ይጾማል እንዴ? ደብተሩ አለ አይደል፣ ጥሩት» አለችን። አፈርን። አብረነው ስምንት ሰዓት የምንውለው እኛ፣ ያየችው ግን እሷ።

በ2017 መጀመሪያ ሰፈሩ ለኮሪደር ልማት ፈረሰ። ከዚያ በፊት በ2016 ፒያሳ ፈርሷልና ነገሩ እንደሚመጣ ሁሉም ያውቅ ነበር፤ ግን እንደ ሞት ነው፣ ብታውቀውም አትዘጋጅም። መጨረሻ የበላሁ ቀን «እትዬ፣ የኔ ስንት ደረሰ?» አልኳት። ደብተሩን ሳትገልጥ «1,160» አለችኝ። «ደመወዝ ሲወጣ ትሰጠኛለህ» ብላ ወደ ብረት ድስቶቿ ተመለሰች። ደመወዝ ወጣ። ብሩን ይዤ ስሄድ በሩም፣ ግድግዳውም፣ አጠገቡ የነበረው ጫማ ሠሪም የሉም።

አልከፈልኳትም። ይሄን ጽሑፍ የምጽፈው ለዚያም ጭምር ነው።

ብዙው የሰፈሩ ሰው ገላን ጉራ ነው የገባው ሲባል ሰምቼ አንድ ቅዳሜ ሄድኩ። ከካዛንቺስ ገላን ጉራ ምን ያህል እንደሚርቅ ታክሲ እየቀያየረ የሄደ ያውቀዋል። ሕንፃዎቹ መሃል እየዞርኩ ጠየቅሁ። ስም የለኝ፣ ፎቶ የለኝ፣ «እትዬ» እላለሁ፣ «ሰማያዊ በር» እላለሁ። «የማናት እትዬ?» ይሉኛል። በመጨረሻ አንዲት እናት አወቋት። «እሷ እኮ የራሷ ቤት የላትም። ከቀበሌ ቤት ተከራይ ላይ ተከራይታ ነው የምትሠራው። ምትክ ያገኙት ዋናዎቹ ናቸው» አሉኝ። እሷስ? «እንጃ ልጄ» አሉ።

እዚህ ላይ ምን እንደምትሉኝ አውቃለሁ። «ያ ሰፈር እኮ ለኑሮ የማይሆን ነበር፤ አሁን ተመልከተው።» እውነት ነው። የዚያን ግቢ ሽንት ቤት ስምንት ዓመት ስለተጠቀምኩበት ከማንም በላይ እኔ አውቀዋለሁ፤ ማንም ሰው እንደዚያ መኖር የለበትም። አዲሱ የእግረኛ መንገድ ሰፊ ነው፣ ማታ መብራት አለው፣ እኔም ልጄን ይዤ እሄድበታለሁ፣ ደስ ይላል። ሰፈሩ ለምን ተነካ አላልኩም። የምለው ሌላ ነው፦ ሲቆጠር ቤቱ ተቆጠረ፣ ባለቤቱ ተቆጠረ፣ ተከራዩ ተቆጠረ። እዚያ ቤት ውስጥ በቀን ስልሳ ሰው እንደምታበላ የተቆጠረበት መዝገብ ግን የለም። እሷ ደብተር ላይ እኛ ነበርን፤ እሷ ግን ማንም ደብተር ላይ አልነበረችም።

የሚገርመው፣ ካዛንቺስ የሚለው ስም ራሱ ከመንግሥት ሠራተኛ የመጣ ነው። ጣሊያን በወረራው ጊዜ ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት የሚሠራ፣ ባጭሩ «ኢንቺስ» የሚባል ተቋም ነበረው። ካዛ ቤት ማለት ነው። የኢንቺስ ቤቶች፣ ካዛንቺስ። በሠራተኛ ስም የተጠራ ሰፈር ውስጥ ሠራተኛ ምሳ የሚበላበት ሲያጣ ምን ይባላል?

አሁን ያለውን ሂሳብ እንሥራ። በየሕንፃው ሥር ካሉት ካፌዎች ባንዱ በቀደም ገባሁ። ምናሌው ላይ ሽሮ 280 ብር ይላል። ሰርቪስ ቻርጅና ቫት ሲጨመርበት ከ350 ያልፋል። በወር 22 የሥራ ቀን ብንል 7,700 ብር ይሆናል። የሽሮ ብቻ ነው ይሄ፤ ውኃም ቡናም የለበትም። ሐምሌ 2016 ብሩ በገበያ ዋጋ ይመንዘር ከተባለ ወዲህ ዋጋው ወዴት እንደሄደ ታውቃላችሁ። ከደመወዛችሁ ጋር ማካፈሉን ለናንተ የቤት ሥራ ትቻለሁ።

ሌላው አማራጭ እርጥብ ነው። ዳቦ ውስጥ ድንች፣ ዳጣ፣ በላዩ ላይ ሌላ ዳጣ። ለሃያ ዓመት ልጅ ምንም አይል፤ እኔ ግን ሁለት ቀን በተከታታይ ከበላሁ ጨጓራዬ ሰልፍ ይወጣል። ትልልቅ መሥሪያ ቤት ያላችሁ ደግሞ ክበብ አላችሁ፤ እግዚአብሔርን አመስግኑ፣ ጎረቤት ቢሮ ያለውንም ሰው በር ላይ መታወቂያ አትጠይቁት።

ከዚያ ምሳ ዕቃ አለ። ምሳ ዕቃ መያዝ እኔ የምደግፈው ነገር ነው፤ የማልደግፈው አያያዙን ነው። የላፕቶፕ ቦርሳ ውስጥ ተደብቆ ይመጣል፣ ሁሉም ሲወጣ ተጠብቆ ይከፈታል፣ ኮምፒውተር ላይ ዓይን ተተክሎ ለብቻ ይበላል፣ ከዚያ መስኮት ተከፍቶ ሽታው ይባረራል። የሰረቅነው ይመስል! እቴጌ ጣይቱ ሆቴላቸውን ከመቶ ዓመት በፊት ሲከፍቱ፣ ሰው በገንዘብ ምግብ ገዝቶ መብላትን እንደ ነውር ስለቆጠረው አልገባ ብሎ ነበር፤ አፄ ምኒልክ ራሳቸው መኳንንቱን ይዘው ገብተው ነው ያስለመዱት ይባላል። ያኔ ውጭ መብላት ያሳፍር ነበር፤ ዛሬ ከቤት ይዞ መምጣት ያሳፍራል። ነውር እንደ ፋሽን ነው መሰለኝ፣ ዞሮ ዞሮ ይገለበጣል። አለቆች፣ ምሳ ዕቃችሁን ጠረጴዛ ላይ ቀድማችሁ ብትከፍቱ ያ ሁሉ ልጅ ከቦርሳው ያወጣ ነበር። አንድ ማሞቂያና አንድ ረጅም ጠረጴዛ ያለው ክፍል ከአዳራሽ ኪራይ አይበልጥም።

ግን ምሳ ዕቃ እትዬን አይመልስም። ምሳ ዕቃ ያንተ ብቻ ነው፤ ባዶውን ይዞ የመጣ ሰው እንዳለ አይነግርህም። ስለዚህ የኔ ሐሳብ ይሄ ነው፦ በሠራተኛ በተሞላ አካባቢ አዲስ ሕንፃ ሲሠራ ምድር ቤቱ ላይ ለባንክ፣ ለፋርማሲ፣ ለካፌ ቦታ እንደሚታሰበው ሁሉ፣ እንደ እሷ ላሉ ሴቶች አንዲት ጠባብ ክፍል፣ ውኃና የጭስ መውጫ ያላት፣ በምትችለው ኪራይ ትታሰብ። መሥሪያ ቤቶችም የክበባቸውን ጨረታ ሲያወጡ የምታውቁትን የሰነድ ክምር አንድ ጊዜ አስቀምጡትና፣ ሠራተኛችሁን ለዓመታት ያበላችውን ሴት ፈልጋችሁ አምጧት። ንግድ ፈቃዱን አብራችሁ አውጡላት። ስልሳ ሰው በቀን ማብላት የሚችል ሰው ልምድ አለው፤ በብር የሚገዛ ልምድ አይደለም።

ለተማሪዬ ትናንት ደወልኩለት። የቤት ስም አልነገርኩትም፣ የለኝምና። «የሕንፃችሁን ጥበቃ ጠይቀው፤ ወይ ሹፌሮቹን። እነሱ የሚበሉበት አንድ ቤት የሆነ ጓሮ ውስጥ ይኖራል። ብቻህን እንዳትሄድ፣ ውሰዱኝ በላቸው። የመጀመሪያውን ሳምንት በጥሬ ብር ክፈል» አልኩት። «እሺ ቲቸር፣ ከዚያስ?» አለ። «ከዚያማ አንድ ቀን አንተም አዲስ ሰው ይዘህ ትሄዳለህ፤ ሲጠፋ ትከፍላለህ» አልኩት። ሳቀ። የቀለድኩ መሰለው።

የካዛንቺስ ሰዎች፣ በተለይ የድሮ ጎረቤቶች፣ ሰማያዊ በር፣ ነጭ መጋረጃ፣ አራት ጠረጴዛ፣ ረቡዕና ዓርብ በየዓይነቱ። የት እንዳለች የሚያውቅ ካለ አድራሻዋን እዚህ በይፋ አይጻፍብኝ፤ በውስጥ መስመር ላኩልኝ። 1,160 ብሩ ያኔ ስንት ሽሮ እንደነበር፣ ዛሬ ስንት እንደሆነ አውቃለሁ፤ የማመጣው የዛሬውን ነው። ማን ነው ካለቻችሁ፣ አስተማሪው ነው በሏት።