ጥንታዊ ተራሮቻችን የት ሄዱ?

ከእንጦጦ ማርያም ቅጥር ወጥቶ ቁልቁል አዲስ አበባን የሚያይ ሰው ዕድሜ ጠገብ ነገር ላይ የቆመ ይመስለዋል። ዳግማዊ ምኒልክ በዚህ ቤተ ክርስቲያን ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑት በ1882 ዓ.ም. ነው፤ ተራራውን ግን «ዓለም ሲፈጠር ጀምሮ የነበረ» ብለን እናልፈዋለን። በሥነ ምድር ሚዛን እንጦጦ የትናንት ልጅ ነው። አካሉ በአብዛኛው ትራካይት፣ ራዮላይትና መሰል የእሳተ ገሞራ አለት ሲሆን ዕድሜው 22 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። ምድር ራሷ 4.5 ቢሊዮን ዓመት አልፏታል።

የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ እንዲህ ነው፦ በኢትዮጵያ ዛሬ ገዝፈው የሚታዩት ተራሮች አገሪቱን የመሠረቱት አይደሉም። መሠረቱን የጣሉት ተራሮች ከግማሽ ቢሊዮን ዓመት በፊት ተነሥተው፣ ተሸርሽረው አልቀዋል፤ ሥራቸው ብቻ በወለጋ፣ በቤኒሻንጉል፣ በጉጂና በቦረና፣ በትግራይና በሐረር ዙሪያ ብቅ ብቅ ብሎ ይታያል። ዕድሜያቸውን ከመልካቸው ለመገመት የሞከረ ሁሉ ተሳስቷል። ከዚህ ስሕተት የሚያወጣን አንድ ጥያቄ ነው፤ ስለ አለት ዕድሜ ቁጥር በተጠቀሰ ቁጥር «ይህ የየትኛው ክስተት ዕድሜ ነው?» ብሎ መጠየቅ።

ከቀላሉ እንጀምር። የእንጦጦ ዕድሜ የተለካው በፖታሲየም–አርጎን ዘዴ ነው። በአለት ውስጥ ያለ ራዲዮአክቲቭ ፖታሲየም በዝግታ ወደ አርጎን ጋዝ ይለወጣል። አለቱ ቀልጦ ሳለ ጋዙ ያመልጣል፤ ሲረጋ መጠራቀም ይጀምራል። ሞርተን፣ ሬክስ፣ ሚቸልና ሞር እ.ኤ.አ. በ1979 «ኔቸር» መጽሔት ላይ ባወጡት ጥናት፣ በአዲስ አበባ ዙሪያ ያሉት አለቶች ወደ ስምጥ ሸለቆው በተጠጉ ቁጥር ዕድሜያቸው እንደሚያንስ አሳይተዋል። እንጦጦ ከአንጋፋዎቹ ነው፤ የወጨጫ፣ የፉሪና የየረር ተራሮች ግን የጥቂት ሚሊዮን ዓመት ልጆች ናቸው። እዚህ ላይ ክርክር የለም፤ ላቫ ፈስሶ ከረጋ በኋላ ሌላ ብዙ ነገር ስላልደረሰበት ቁጥሩ የሚናገረው ስለ አንድ ክስተት ነው።

ከላቫው ሥር ስንወርድ ነገሩ ይወሳሰባል። ከእንጦጦ በስተሰሜን ምዕራብ በሙገር ሸለቆ ባዛልት ከሚባለው ላቫ በታች በዳይኖሰሮች ዘመን የተነጠፉት አሸዋ ድንጋይና ኖራ ድንጋይ ይታያሉ፤ የሙገር ሲሚንቶ ጥሬ ዕቃም ይኸው የኖራ ድንጋይ ነው። ከነዚህ ሁሉ በታች ፕሪካምብሪያን የሚባለው መሠረት አለ። አዲስ አበባ ላይ ጥልቅ ሆኖ ተሸፍኗል፤ ዓባይን ተከትሎ ወደ ምዕራብ የወረደ ግን ያገኘዋል። የታላቁ ሕዳሴ ግድብ በጉባ የቆመው በዚሁ መሠረት ላይ ነው።

ይህን መሠረት በሥርዓት ለመከፋፈል ከሞከሩት ቀዳሚዎች ቭላድሚር ካዝሚን፣ ዓለሙ ሽፈራውና ጥላሁን ባልቻ ይገኙበታል። እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተሙት ጥናት የኢትዮጵያን ፕሪካምብሪያን በታችኛ፣ መካከለኛና ላይኛ ምድብ ከፈሉት። በከፍተኛ ሙቀትና ግፊት ተለውጦ ዥንጉርጉር የሆነው፣ ናይስ የሚባለው አለት ታችኛው ምድብ ውስጥ ገባ፤ ዕድሜውም ከ2.5 ቢሊዮን ዓመት በላይ፣ ማለትም የአርኪያን ዘመን እንደሆነ ተገመተ። ብዙም ያልተለወጡት ሺስቶችና የጥንት እሳተ ገሞራ አለቶች ላይኛው ምድብ ተባሉ። አስተሳሰቡ ምክንያታዊ ነበር፤ ብዙ የተለወጠ ብዙ የቆየ ይመስላል። በጊዜው በቂ የዕድሜ ልኬት ስላልነበረም አማራጩ ጠባብ ነበር።

ልኬቱ ሲመጣ ግምቱ ፈረሰ። ተክለወልድ አያሌውና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1990 የምዕራብ ኢትዮጵያን አለቶች በዩራኒየም–እርሳስ ዘዴ ለክተው ያገኙት ዕድሜ ከ830 እስከ 540 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነበር። ብስራት ይባስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2002 በደቡብ ኢትዮጵያ ግራናይትና መሰል አለቶች ላይ ያቀረቡት ውጤት ከ880 እስከ 526 ሚሊዮን ዓመት ይዘልቃል። በእነዚህ አካባቢዎች «አርኪያን» የተባለው ናይስ ከተቀረው ጋር የአንድ ዘመን ልጅ ሆኖ ተገኘ። አለቱ እንዲያ የተለወጠው በዕድሜ ብዛት ሳይሆን ተራራ ሲገነባ ወደ ጥልቁ ወርዶ በመብሰሉ ነው።

ይህን ያጋለጠው ዚርኮን የሚባል፣ አብዛኛውን ጊዜ ከአሸዋ ቅንጣት የማይበልጥ ማዕድን ነው። ሥራው ትዕግሥት ይጠይቃል። ኪሎዎች የሚመዝን አለት ተፈጭቶ ይታጠባል፤ ዚርኮን ከባድ ስለሆነ ከታች ይቀራል። የሻኪሶና የወለጋ ወርቅ አጣቢዎች ወርቁን ለይተው ከሚደፉት ከባድ አሸዋ ውስጥም ይኸው ማዕድን አይጠፋም። ከዚያ በማግኔትና በከባድ ፈሳሽ ይጠራል፤ ቅንጣቶቹ በማይክሮስኮፕ ሥር አንድ በአንድ ተለቅመው በሙጫ ውስጥ ይተከላሉ፤ ግማሽ አካላቸው እስኪታይ ድረስ ይሞረዳሉ። በኤሌክትሮን ጨረር ሲበሩ ውስጣቸው ያለው ቀለበት ይወጣል፤ መሐሉ ላይ አሮጌ እምብርት፣ ዙሪያውን ደግሞ በኋላ የለበሰው ቅርፊት ይለያል። በሌዘር ወይም በአዮን ጨረር የሚመታው ነጥብ ስፋቱ ከፀጉር ውፍረት ያነሰ ስለሆነ እምብርቱንና ቅርፊቱን ለየብቻ መለካት ይቻላል።

ዚርኮን ሲፈጠር ዩራኒየምን ይቀበላል፣ እርሳስን ግን ይገፋል። ስለዚህ ውስጡ የምናገኘው እርሳስ ከሞላ ጎደል ሁሉም ከዩራኒየም መፈራረስ የመጣ ነው። የሚፈራርሱት ሁለት ዓይነት ዩራኒየሞች ናቸው፤ የአንዱ ግማሽ ዕድሜ 4.47 ቢሊዮን፣ የሌላው 704 ሚሊዮን ዓመት ነው። ሁለቱ ተመሳሳይ ዕድሜ ከሰጡ ውጤቱ ይታመናል። ካልተስማሙ ማዕድኑ በመሐል እርሳስ አምልጦታል ወይም የሁለት ዘመን ቅልቅል ተለክቷል ማለት ነው። የራሱን ስሕተት በራሱ የሚያጋልጥ ምስክር ብርቅ ነው፤ የዚርኮን ክብርም ከዚህ የመጣ ነው።

እዚህ ላይ ጥያቄያችን ሥራ ይጀምራል። ጀበና ሦስት ዕድሜ አለው፤ ጭቃው ከመሬት የወጣበት፣ ተበጅቶ የተተኮሰበትና መጨረሻ ከእሳት ላይ የወረደበት። አለትም እንዲሁ ከአንድ በላይ ዕድሜ አለው። ቁሱ ከምድር ቅርፊት ሥር ካለው ማንትል ወጥቶ ከቅርፊቱ ጋር የተቀላቀለበት ጊዜ በሳማሪየም–ኒኦዲሚየም ዘዴ ይገመታል። ቅልጡ የረጋበትን አብዛኛውን ጊዜ የዚርኮን እምብርት ይነግረናል። ተራራ ሲገነባ ዳግም የጋለበትን የዚርኮን ቅርፊት፣ ኋላ ተነሥቶ የበረደበትን ደግሞ ሚካ የሚባለው ማዕድን ያስረዳሉ። «አለቱ 800 ሚሊዮን ዓመቱ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር ከነዚህ የትኛውን እንደሚል ካልገለጸ ብዙም አልተናገረም።

በኢትዮጵያ ይህ ልዩነት ትልቅ ታሪክ ይዟል። የሰሜኑና የምዕራቡ መሠረት የዓረብ–ኑቢያ ጋሻ የሚባለው፣ ከቀይ ባሕር ማዶና ማዶ ያለው ሰፊ ምድር አካል ነው። እዚያ ቁሱ ከማንትል የወጣበትና ቅልጡ የረጋበት ጊዜ ተቀራራቢ ናቸው፤ አብዛኛው አዲስ የተወለደ ቅርፊት ነው ማለት ነው። የሞዛምቢክ ውቅያኖስ በሚባለው፣ ዛሬ በሌለ ባሕር ውስጥ የእሳተ ገሞራ ደሴቶች እየተፈጠሩ፣ እየተጋጩና እየተጣበቁ የብስ ሆኑ። በወለጋ ቱሉ ዲምቱና በዩብዶ የሚገኙት ከጥልቅ የመጡ ጥቁር አለቶች ከዚሁ መጣበቅ ጋር ይያያዛሉ፤ ዩብዶ የኢትዮጵያ ፕላቲኒየም የወጣበት ቦታ ነው። በስተምሥራቅ፣ በሐረር አካባቢ ግን ግራናይቶቹ ከራሳቸው እጅግ የቀደመ የዚርኮን እምብርት ይዘው ይገኛሉ፤ እዚያ የቆየ ቅርፊት ቀልጦ እንደገና ሥራ ላይ ውሏል። አንዱ የአገሪቱ ክፍል አዲስ ሀብት፣ ሌላው በከፊል ውርስ ነው። ከመልኩ ማንም ይህን አይለይም።

በመጨረሻ፣ ከ650 እስከ 550 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ጎንድዋና የሚባለው ጥንታዊ አህጉር ምሥራቅና ምዕራብ ክፍሎች ተጋጭተው ውቅያኖሱ ተዘጋ። ከዓረቢያ እስከ ሞዛምቢክ የዘለቀው የተራራ ሰንሰለት ያኔ ተነሣ፤ ሮበርት ስተርን እ.ኤ.አ. በ1994 ታሪኩን አጠቃልሎ «የምሥራቅ አፍሪካ ኦሮጅን» በሚል ስም አሳተመው። በጉጂ የቀንጢቻ ታንታለም ያለበት፣ ፔግማታይት የሚባለው አለት ወደ 530 ሚሊዮን ዓመት ይጠጋል፤ ግጭቱ በሚያበቃበት ጊዜ የገባ ነው።

አንድ ተቃውሞ በአግባቡ ሊነሣ ይችላል፦ ዚርኮን የግራናይት ወዳጅ ነው፤ በባዛልትና ከማንትል በመጡ አለቶች ውስጥ እምብዛም አይገኝም። በእሱ ብቻ ከታመንን ታሪኩ ወደ አንድ ወገን ያጋድላል። እውነት ነው። ዚርኮን ተራራው ምን ያህል ከፍ እንዳለም አይናገርም። ስለዚህ መዶሻና ካርታ ይዞ በእግር መሄድ አልቀረም። የታጠፈን አለት ሰንጥቆ የገባ፣ ራሱ ግን ያልታጠፈ ግራናይት ካለ መታጠፉ ከግራናይቱ ይቀድማል፤ ይህን የሚያየው ዓይን ነው፣ ቁጥሩን የሚሰጠው ዚርኮን። ትግራይ ውስጥ የተምቤን ምድብ አለቶች የዚህ ትብብር ምርጥ ምሳሌ ናቸው። ሙሉጌታ አለነና ሌሎችም ለዓመታት ካርታ ባነሡባቸው ድርብርቦች መሐል የተገኙ የእሳተ ገሞራ አመድ ዚርኮኖች፣ ምድር በበረዶ የተሸፈነችበት ዘመን 717 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ላይ መጀመሩን ለዓለም ለማስላት ረድተዋል።

ተራሮቹስ የት ሄዱ? መልሱ እዚያው ትግራይ ተጽፏል። የታጠፉና ቀጥ ብለው የቆሙ የፕሪካምብሪያን አለቶች አናታቸው እንደ ወለል ተስተካክሎ ተቆርጧል፤ በላያቸው የእንጢጮ አሸዋ ድንጋይ አግድም ተነጥፏል። ከግጭቱ ማብቂያ እስከዚህ አሸዋ ባለው ጊዜ ውስጥ ዝናብ፣ ወንዝና በረዶ ሰንሰለቱን አርሰው ጨረሱት። ተራራው አሸዋ ሆነ፤ አሸዋው ተመልሶ ድንጋይ ሆነ።

መሠረቱ ግን ሥራውን አላቆመም። እ.ኤ.አ. በ2003 የተካሄደውን የኢግል ፕሮጀክት ጨምሮ የመሬት ነውጥ ሞገድ ጥናቶች እንደሚያሳዩት ከደጋው ሥር ያለው ቅርፊት ከ40 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ከላይ የተደረበው ላቫ በወፍራሙ ቦታ ሁለት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከሥርም በእሳተ ገሞራው ዘመን ከማንትል የወጣ አዲስ ቅልጥ ተጨምሯል፤ መሐሉ የፕሪካምብሪያን ነው። የቅርፊት ዕድገት ያለፈ ታሪክ ብቻ እንዳልሆነም ይህ ያስረዳል።

ነገሩ የጉጉት ብቻ አይደለም። የለገደምቢ ወርቅ፣ የዩብዶ ፕላቲኒየም፣ የቀንጢቻ ታንታለምና የቤኒሻንጉል እብነ በረድ ሁሉም የዚህ መሠረት ፍሬ ናቸው። የትኛው አለት በየትኛው ክስተት እንደተፈጠረ ሳያውቁ ማዕድን መፈለግ በዕድል መሥራት ነው። እዚህ የጠቀስኳቸው የዚርኮን ዕድሜዎች ግን የተለኩት ባሕር ማዶ፣ እንደ ኦታዋ፣ ካንቤራና ፕሪንስተን ባሉ ቤተ ሙከራዎች ነው። አገሪቱ እንጦጦ ላይ ሁለት ባለ አንድ ሜትር ቴሌስኮፖች ተክላ ወደ ሰማይ ማየት ጀምራለች፤ ደግ አድርጋለች። ቀጥሎ ልታሟላው የሚገባት የራሷን አለት በራሷ ባለሙያ፣ በራሷ መሣሪያ የምትለካበት ቤተ ሙከራ ነው። ዩኒቨርሲቲዎቻችን፣ የማዕድን ሚኒስቴርና ከዚህ መሬት ወርቅ የሚያወጡ ኩባንያዎች ወጪውን ተካፍለው ሊሠሩት ይገባል።