የከተማችንን ቡድን እንወቀው

በዋሽንግተን ዲሲና አካባቢዋ የምንኖር ብዙዎቻችን ቅዳሜ ጠዋት የአርሰናል ጨዋታ አያመልጠንም፤ የከተማችንን ቡድን ግን በቅጡ አናውቀውም። እዚህ ተወልደው ኮሌጅ የገቡ ልጆቻችን የሚያወሩት ደግሞ ስለዚሁ ነው። ይህን እትም ያዘጋጀነው ለዚያ ነው።

የከተማችን የቤዝቦል ቡድን ናሽናልስ እ.ኤ.አ. በ2019 ዋንጫውን አንስቷል። እኔን የሚስበኝ ግን የኮሌጁ ስፖርት ነው። ነጭ ፎጣ ትከሻው ላይ ጣል ያደርግ የነበረው የጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲው ጆን ቶምፕሰን እ.ኤ.አ. በ1984 የኮሌጅ ወንዶች ቅርጫት ኳስ የአንደኛ ዲቪዚዮን ዋንጫን ያነሳ የመጀመሪያው ጥቁር ዋና አሠልጣኝ ሆነ።

ከኮሌጅ ወደ ፕሮፌሽናል ስፖርት ያለውን መንገድ በውስጥ ገጾቻችን ታገኛላችሁ። እባካችሁ፣ ከልጆቻችሁ ጋር አንብቡት፤ ያልገባችሁን እነሱ ያስረዷችሁ።