የከፈለ ገበሬ ባለዕዳ ሆኖ እንዳይገኝ

በአገራችን አነጋገር አንድ ሰው ሥራውን ሳያምንበት፣ ከወቀሳ ለመዳን ያህል ብቻ ሲሠራ «ለግብር ይውጣ ሠራው» ይባላል። አባባሉ ገበሬው ግብርን ለረጅም ዘመን በምን ዓይን ይመለከተው እንደ ነበር የሚያስታውስ ይመስላል። ግብር ከትከሻ የሚወርድ ሸክም እንጂ ተመዝግቦ የሚጠበቅ ጉዳይ አልነበረም። ዛሬም በሸዋ ሮቢትና በጠቅላላው በይፋት ቆላ ማሽላው ተወቅቶ የግብር መክፈያው ወራት ሲደርስ ክርክር የሚነሣው በግብሩ መጠን ላይ ብቻ አይደለም። «ከፍዬ ሳለ ስለ ምን ባለዕዳ ተብዬ ተጻፍሁ?» የሚለው ጥያቄም ከዚያ ያላነሰ ነው።

ለዚህ ጥያቄ በቅድሚያ መልስ መስጠት የሚገባው የገበሬ ማኅበሩ አመራር ነው። ይፋዊ ስሙ ዛሬ የቀበሌ አስተዳደር ቢሆንም ገበሬው እስካሁን «ገበሬ ማኅበር» እያለ ይጠራዋል። ስሙ ምንም ይሁን ምን ገበሬው ከግብር ሰብሳቢው ጋር ፊት ለፊት የሚገናኝበት በር ይኸው ነው። በዚህ በር ላይ የሚቆሙ መሪዎች ሊዘነጉት የማይገባ አንድ ነገር አለ። ውዝፍ ግብር ተብሎ ከሚጠራው ውስጥ አንዱ ክፍል የገንዘብ እጦት ዕዳ ሲሆን ሌላው ክፍል የመዝገብ ጉድለት ዕዳ ነው። ሁለቱን ሳይለዩ ገበሬውን ሁሉ «ግብር ያልከፈለ» ብሎ በአንድ መዝገብ ማስፈር ፍትሕን ያጓድላል፤ የመንግሥትንም ገቢ አያሳድግም።

ያለፈው ምን ያስተምራል?

በ1937 ዓ.ም. በወጣው የመሬት ግብር አዋጅ መሠረት በሸዋ ጠቅላይ ግዛት በአንድ ጋሻ ለም መሬት 50 ብር፣ በለም ጠፍ 40 ብር፣ በጠፍ ደግሞ 15 ብር ይከፈል ነበር። በዚህ ውስጥ የአሥራቱ ምትክ ተካቶ ነበር። ይሁን እንጂ ብዙው ባለርስት አሥራቱን ወደ ጭሰኛው ይገፋው ስለ ነበር፣ ከፋዩ ጭሰኛው ሆኖ ሳለ በመዝገብ የሚሰፍረው የባለርስቱ ስም ነበር። የመዝገቡና የእውነተኛው ከፋይ መለያየት እንግዲህ ዛሬ የተጀመረ ችግር አይደለም።

በ1960 ዓ.ም. አሥራት ቀርቶ በእርሻ ሥራ ገቢ ላይ ግብር ሲታወጅ በጎጃም ጠቅላይ ግዛት ብርቱ ተቃውሞ ተነሣ፤ ነገሩም እስከ ደም መፋሰስ ደረሰ። ገበሬውን ያስቆጣው የሚከፈለው ብር ብቻ አልነበረም። ገማቾቹን አላመናቸውም፤ ግምቱ መሬቱን ለመለካትና ርስቱን ለመንጠቅ የመጣ መስሎት ሠጋ። በመጨረሻም መንግሥት የቆየውን ውዝፍ ለመማር ተገደደ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ገበሬው አሠራሩን ካላመነ ትንሹም ግብር ይከብደዋል።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ከሆነ በኋላ፣ በአዋጅ ቁጥር 77/1968 የገጠር መሬት መጠቀሚያ ክፍያና የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር ተደነገገ። የመሰብሰቡ ሥራም ለገበሬ ማኅበራት ተሰጠ። በኋላ በወጣው ማሻሻያ ለብቻው የሚያርስ ገበሬ የመሬት መጠቀሚያ ክፍያው 10 ብር፣ ዝቅተኛው የገቢ ግብርም 10 ብር ሆነ። በአንድ ደረሰኝ ላይ ሁለት ክፍያ መጻፍ የተለመደው ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ነው።

ሁለቱ ክፍያዎች አንድ አይደሉም

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 97 የመሬት መጠቀሚያ ክፍያን የመወሰንና የመሰብሰብ እንዲሁም በግል በሚያርሱና በኅብረት ሥራ ማኅበር በተደራጁ ገበሬዎች ገቢ ላይ ግብር የመጣል ሥልጣን ለክልሎች ሰጥቷል። ስለሆነም የይፋት ገበሬ የሚከፍልበትን ተመን የሚወስነው የአማራ ክልል ነው። የተመኑ ሰንጠረዥ በሊቀመንበሩ ኪስ ወይም በጸሐፊው መሳቢያ ውስጥ ሳይሆን በጽሕፈት ቤቱ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ማንበብ የሚችል ላልቻለው እያነበበለት ሊታይ ይገባል።

የመሬት መጠቀሚያ ክፍያ ገበሬው መሬቱን በመያዙ የሚከፍለው ነው። የገቢ ግብር ግን ከስሙ እንደሚታወቀው ከምርቱ ለሚገኘው ገቢ የሚከፈል ነው። ይህ ልዩነት ዝናብ በከዳ ዓመት ትልቅ ትርጉም አለው። ግሪሳ ወፍ ማሽላውን ሲጨርሰው ወይም በ2013 ዓ.ም. መኸር እንደታየው የበረሃ አንበጣ በማሳ ላይ ሲያርፍ፣ «ገቢ ሳይኖር የገቢ ግብር ከየት ይመጣል?» ብሎ መጠየቅ የገበሬው መብት ነው። ነገር ግን የግብር ምሕረት ሊቀመንበሩ በቃል የሚሰጠው ስጦታ አይደለም። ሥልጣን ያለው አካል በጽሑፍ መወሰን አለበት። መሪዎቹ ሊያደርጉት የሚገባው ማሳው ታርሶ ወይም አገዳው ለከብት ተሰጥቶ ማስረጃው ሳይጠፋ፣ ከልማት ጣቢያ ሠራተኛው ጋር ሆነው ጉዳቱን በየባለማሳው ስም መመዝገብና ለወረዳው በደብዳቤ ማሳወቅ ነው። «ዘንድሮ ተዉት ተብሏል» በሚል ወሬ ያልተከፈለ ግብር በሦስተኛው ዓመት ውዝፍ ሆኖ ብቅ ይላል።

ከእርሻ ግብር የተለየ ሌላ ግብር መኖሩም መነገር አለበት። ወፍጮ የተከለ፣ ሱቅ የከፈተ ወይም ማሾና ሽንኩርት ከጎረቤቱ እየገዛ የሚነግድ ገበሬ የመሬቱን ግብር ስለከፈለ ብቻ የንግዱ ግብር ተከፈለለት ማለት አይደለም። ለንግዱ በወረዳው ገቢዎች ጽሕፈት ቤት ተመዝግቦ ለብቻው ይከፍላል። ተቀጥሮ የሚሠራ ልጁ ደግሞ ግብሩን የሚቆርጥለት ቀጣሪው ነው። በፌዴራሉ የገቢ ግብር ሕግ ከግብር ነጻ የነበረው የወር ደመወዝ 600 ብር ሲሆን፣ በ2017 ዓ.ም. በወጣው ማሻሻያ ወደ 2,000 ብር ከፍ ብሏል። በአንድ ጣራ ሥር ሦስት ዓይነት ግብር ሊኖር እንደሚችል ያላወቀ ቤተሰብ ዕዳ ከሜዳ ይመጣበታል።

መዝገቡ ላይ ያለው ስም የማን ነው?

አባት ሞቶ መሬቱ በሦስት ልጆች ተከፍሏል እንበል። በመዝገቡ የሰፈረው ግን አሁንም የሟቹ ስም ነው። ታላቁ ልጅ የራሱን ድርሻ ይከፍላል፤ ደረሰኙ በአባቱ ስም ይቆረጣል። ሁለቱ ሳይከፍሉ ሲቀሩ ውዝፉ በጠቅላላው መሬት ላይ ይጻፋል። በዚህ ጊዜ የከፈለውም ያልከፈለውም እኩል ባለዕዳ ሆኖ ይታያል። ባሏ የሞተባት ሴትም ማዳበሪያ ለመውሰድ ወይም ማስረጃ ለማጻፍ በመጣች ቁጥር «የባልሽ ውዝፍ አለ» እየተባለች ትመለሳለች። በአማራ ክልል የመሬት ይዞታ ደብተር ሲሰጥ የባልና የሚስት ስም አብሮ እንዲሰፍር የተደረገው መብቷን ለመጠበቅ ነው። የግብር መዝገቡ ከይዞታ ደብተሩ ጋር ካልተስማማ ግን ደብተሩ የሰጣትን መዝገቡ ይነሣታል።

የመሬቱ ስፋትም እንዲሁ ነው። የመጀመሪያው ደብተር ሲሰጥ በገመድና በግምት የተለካ ማሳ በሁለተኛው ልኬት ሰፍቶ ወይም ጠብቦ ሊገኝ ይችላል። አዲሱ ልኬት ወደ ግብር መዝገቡ ካልተዛወረ ገበሬው በሌለው መሬት ይከፍላል ወይም ላለው ሳይከፍል ይቀራል። መሬቱን ያከራየ ወይም በእኩል የሰጠ ሰውም ግብሩን ማን እንደሚከፍል በውሉ ላይ ማስፈር ይኖርበታል። ውሉ ዝም ካለ ሰብሳቢው የሚጠራው በመዝገቡ ያለውን ስም ነው።

ደረሰኝ የገበሬው ጋሻ ነው

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ይባላል። አባቶች የግብር ካርኒ በቀርከሃ ቀፎና በቆዳ ከረጢት ያስቀምጡ የነበረው ያለ ምክንያት አልነበረም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1168 የማይንቀሳቀስ ንብረት ይዞ ግብሩን 15 ዓመት በተከታታይ የከፈለ ሰው ባለሀብት እንደሚሆን ደንግጎ ነበር። መሬት የሕዝብ ከሆነ ወዲህ ይህ ድንጋጌ በገጠር መሬት ላይ ባይሠራም፣ ደረሰኝ የመክፈል ማስረጃነቱ አልቀረም።

በመሆኑም ገንዘቡን ዛሬ ተቀብሎ «ደረሰኙን ነገ ውሰድ» ማለት ሊወገዝ የሚገባው ልማድ ነው። ገበሬው ሃያ ጊዜ አይመላለስም፤ ነገ የተባለው ካርኒም ሳይቆረጥ ይቀራል። በራሪው ለገበሬው በዚያው ሰዓት ሊሰጥ፣ ቀሪው በጥራዙ ሊቀመጥ፣ የተከፈለበት ዓመትም በግልጽ ሊጻፍ ይገባል። ዓመቱ ያልተጻፈበት ደረሰኝ ለዘንድሮ ይሁን ለአምና ሳይታወቅ ክርክር ይወልዳል።

በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ስትቃጠል፣ በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያም ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ብዙ ቤተሰብ ንብረቱን ጥሎ ሸሽቷል። ቤቱ የተቃጠለበት ገበሬ ደረሰኙም አብሮ እንደተቃጠለ መገመት ከአንድ መሪ የሚጠበቅ ማስተዋል ነው። ከእንዲህ ያለው ሰው የጠፋውን ወረቀት ደጋግሞ መጠየቅ አግባብ አይደለም። በወረዳው ያለውን ቀሪና የገቢ ሒሳብ ማመሳከር፣ እሱም ከጠፋ አብረውት የከፈሉትን ጎረቤቶች ምስክርነት በቃለ ጉባኤ ይዞ ለውሳኔ ማቅረብ ይገባል።

እውነተኛ ውዝፍ ሲኖር

መዝገቡ ተጣርቶ ዕዳው እውነት ሆኖ ሲገኝ መክፈል ግዴታ ነው። መንገዱም፣ ትምህርት ቤቱም፣ ጤና ኬላውም ያለ ግብር አይቆምም። ጥያቄው የገበሬውን ጎተራ ሳያራቁቱ እንዴት ይከፈል የሚለው ነው። ግብር፣ የማዳበሪያ ዕዳና ሌላው ክፍያ ሁሉ በአንድ ወር ሲጠየቅ ገበሬው ማሽላውን ዋጋው በረከሰበት በአዝመራ ማግሥት ይሸጣል። ክረምት ሲገባ ያንኑ እህል በውድ ይገዛል። ይህ የይፋት ብቻ ችግር አይደለም። ጃፓን እ.ኤ.አ. በ1873 የመሬት ግብሯን በጥሬ ገንዘብ ስታደርግ ገበሬዎቿ በዚሁ ችግር ተመረሩ። ዐመፅ ስለተነሣም መንግሥት ግብሩን በ1877 ከመሬቱ ዋጋ 3 በመቶ ወደ 2 ተኩል በመቶ ዝቅ አደረገው።

አራጣ አበዳሪ ዘንድ መሄድ ደግሞ አንዱን ዕዳ በሌላ መተካት ነው። 1,000 ብር ለውዝፍ መክፈያ በወር ከመቶ አሥር ሒሳብ ከጥር እስከ መስከረም የተበደረ ሰው በስምንት ወር 800 ብር ወለድ ብቻ ይከፍላል። ለ1,000 ብር ዕዳ 1,800 ብር ማለት ነው።

የይፋት ቆላ ግን ሌላ መንገድ አለው። ማሾ በሁለትና በሦስት ወር ስለሚደርስ ከማሽላው ቀድሞ ለገበያ ይበቃል። በሮቢ ወንዝ መስኖ የሚለማው ሽንኩርትና ቲማቲም በበጋ ገንዘብ ያመጣል። ከእነዚህ የመጀመሪያ ሽያጭ የግብሩን ገንዘብ ለይቶ ማስቀመጥ ወይም ቀድሞ መክፈል፣ ማሽላው ለጎተራ እንዲተርፍ ያደርጋል። አቅም ያነሰው ደግሞ ውዝፉን በየጊዜው ከፍሎ እንዲጨርስ ለወረዳው ገቢዎች ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ይጠይቅ፤ መሪዎቹም ማመልከቻውን ደግፈው ይላኩለት። ከዕዳ የሚሸሽ ገበሬ ውዝፉ ሲከመርበት ይኖራል፤ ቀርቦ የተነጋገረ ግን ቀስ በቀስ ይወጣዋል።

ግብርና መዋጮ ይለያዩ

በመጨረሻ፣ ግብርንና መዋጮን ማደባለቅ ሊቆም ይገባል። በ1970ዎቹ የገበሬ ማኅበር አባል ከግብሩ ጋር ለልዩ ልዩ ጥሪ የሚከፍለው መዋጮ ብዙ ስለ ነበር፣ የትኛው ግብር የትኛው መዋጮ እንደ ሆነ መለየት ያዳግተው ነበር። ይህ ልማድ ዛሬም ፈጽሞ አልጠፋም። መዋጮውን ካልሰጠህ የግብሩን ገንዘብ አልቀበልህም ማለት፣ ለመክፈል የመጣውን ሰው በመሪው እጅ ባለዕዳ ማድረግ ነው። ግብር በሕግ የተጣለ ነው፤ መዋጮ ግን በአባላት ስምምነት የሚሰጥ ነው። ደረሰኛቸውም ሒሳባቸውም የተለያየ መሆን ይኖርበታል።

እንግዲህ የይፋት ቆላ የገበሬ ማኅበር መሪዎች ከመጪው የግብር ወራት በፊት አንድ ሥራ አለባቸው። በየመንደሩ ስብሰባ ጠርተው የውዝፉን መዝገብ በይፋ ያስነብቡ፤ የከፈለው ደረሰኙን ያሳይ፤ የሟች ስም በወራሽ፣ የባል ስም በሚስት ይታረም፤ የተጣራውም ዝርዝር ለወረዳው ይላክ። ይህን ማድረግ ከሁለትና ከሦስት ቀን በላይ አይፈጅም። ሳይደረግ ቢቀር ግን የከፈለው ገበሬ ዘንድሮም ባለዕዳ ተብሎ ይመለሳል፤ ሁለት ጊዜ የተጠየቀ ሰው ደግሞ በሦስተኛው ዓመት መክፈሉን ይተዋል።