ለእርሷ ተብሎ ያለ እርሷ የተወሰነ መለያየት

በቴሌቪዥን ድራማ የሚታዩ የፍቅር መለያየቶች አብዛኛውን ጊዜ ከክህደት፣ ከጥርጣሬ ወይም ከመሰላቸት የሚመነጩ ሲሆን፣ ከተፈጥሮ በላይ የሆኑ ኃይላትን የሚተርኩ ድራማዎች ግን እየተዋደዱ የሚለያዩ ሰዎችን ለማሳየት የተለየ ዕድል አላቸው። በእነርሱ ዘንድ እርግማንና የማያረጅ ዕድሜ እንቅፋቱን ከሁለቱ ልብ ውጭ ስለሚያኖሩት፣ ተመልካቹ ፍቅሩ ሳይጎድል ፍቅረኞቹ ሲነጣጠሉ ያያል። እ.ኤ.አ. ከ1997 እስከ 2003 በ7 ምዕራፎችና በ144 ክፍሎች በአሜሪካ የተላለፈው፣ በጆስ ዊደን የተፈጠረው “ባፊ ዘ ቫምፓየር ስሌየር” የባፊንና የኤንጀልን መለያየት የተረከው በዚህ መንገድ ነው። ታሪኩ ዛሬም ሊመረመር የሚገባው አንድ ከባድ ጥያቄ ስለሚያነሣ ነው፤ ሰው ለሚወደው ሰው ጥቅም ብሎ፣ ያንኑ ሰው ሳያማክር፣ የሁለቱን ዕጣ የመወሰን መብት አለውን?

በሳራ ሚሼል ጌላር የተተወነችው ባፊ ሳመርስ ቫምፓየሮችን፣ ማለትም ሞተው በመነሣት በሰው ደም የሚኖሩ ፍጥረቶችን፣ እንድትዋጋ ዕጣ የወደቀባት የካሊፎርኒያ ተማሪ ናት። ዴቪድ ቦሪያናዝ የተጫወተው ኤንጀል ደግሞ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአየርላንድ ተወልዶ ቫምፓየር የሆነ፣ እ.ኤ.አ. በ1898 ከሮማኒ ሕዝብ ወገን የምትወደድ ልጅ በመግደሉ የተረገመ ሰው ነው። እርግማኑ ነፍሱን መልሶለት በሠራው ግፍ ሁሉ እንዲጸጸት ያደረገው ሲሆን፣ አንዲት ቅጽበት ፍጹም ደስታ ካገኘ ግን ነፍሱን መልሶ እንዲያጣ ይደነግጋል። ይህም እ.ኤ.አ. በጥር 1998 በቀረቡት ክፍሎች ደረሰ፤ ባፊ 17 ዓመት በሞላት ሌሊት ከእርሷ ጋር ያደረው ሰው ሲነጋ ርኅራኄ የሌለው ገዳይ ሆኖ ተገኘ። በዚያው ዓመት ግንቦት ነፍሱ በተመለሰለት ቅጽበት፣ ዓለምን ከጥፋት ለማዳን ሌላ መንገድ ስላልነበራት፣ ባፊ በገዛ እጇ በሰይፍ ወግታ ወደ ሲኦል ሰደደችው።

ዋናው መለያየት የመጣው ኤንጀል ከሲኦል ከተመለሰ በኋላ፣ ማርቲ ኖክሰን በጻፈችውና እ.ኤ.አ. ግንቦት 11 ቀን 1999 በተላለፈው “ዘ ፕሮም” በተሰኘ ክፍል ነው። ፕሮም በአሜሪካ የሁለተኛ ደረጃ ተመራቂዎች በሙሉ ልብስ ተውበው የሚደንሱበት ምሽት ሲሆን፣ ባፊ በጉጉት ትጠብቀው ነበር። በዚህ መካከል እናቷ ጆይስ ለብቻዋ ወደ ኤንጀል ሄዳ፣ ልጇ በፍቅር ተይዛ የነገውን ማየት እንደተሳናትና ከባዱን ምርጫ እርሷ ካልቻለች እርሱ ሊመርጥላት እንደሚገባ ነገረችው። ቀደም ሲል ደግሞ እርጅና የማይነካው የከተማይቱ ከንቲባ፣ የገዛ ሚስቱ እያረጀች በወጣትነቱ ትረግመው እንደነበር እያነሣ ሁለቱን አሳፍሯቸው ነበር። ኤንጀልም በሕልሙ ከባፊ ጋር በቤተ ክርስቲያን ጋብቻ ሲፈጽምና እጅ ለእጅ ተያይዘው ወደ ፀሐይ ሲወጡ አየ፤ ብርሃኑ ያቃጠለው ግን ቫምፓየሩን ሳይሆን ሙሽሪትን ነበር። ይህ ሕልም የኤንጀልን ፍርሃት ልክ ያሳያል፤ የሚፈራው የራሱን ሞት ሳይሆን፣ ከእርሱ ጋር የሚኖር ሕይወት እርሷን እንደሚያጠፋት ነው።

ከዚያ በኋላ በከተማይቱ የፍሳሽ ዋሻ ውስጥ አብረው አደን ላይ ሳሉ፣ ልጅ ሊወልዱ፣ በቀን ብርሃን አብረው ሊወጡ፣ እንደ ባልና ሚስት ሊኖሩ እንደማይችሉ ዘርዝሮ ከተማውን ለቆ እንደሚሄድ ነገራት። ባፊ የመለሰችለት መልስ የክፍሉ የሐሳብ እምብርት ነው፤ ለእርሷ የሚበጃትን የሚነግራት እርሱ ማን ሆኖ እንደሆነ፣ ይህን ሁሉ እርሷ ራሷ አላሰበችበትም ብሎ እንደገመተ ጠየቀችው። ጥያቄዋ ተገቢ ነበር። በዚያው ክፍል መጨረሻ ተማሪዎቹ ባፊን የትምህርት ዘመኑ ጠባቂ ብለው ጃንጥላ ሲሸልሟት፣ በትምህርት ቤቱ ታሪክ ከተማሪዎቹ ቁጥር አንጻር ጥቂት ሰው የሞተበት ተመራቂ ቡድን የእነርሱ መሆኑን ይመሰክሩላታል። የመቶዎች ሕይወት በአደራ የተሰጣት፣ ዓለምን ለማዳን የምትወደውን ሰው የወጋች ወጣት፣ የገዛ ልቧን ጉዳይ ለመወሰን ግን ገና ልጅ ናት ተብላ ተፈረደባት።

እርግጥ ነው፣ ኤንጀል ያቀረባቸው ምክንያቶች ሁሉ እውነት ነበሩ፤ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ የኖረ ሰው ከ18 ዓመት ወጣት ይልቅ አርቆ እንዲያስብ መጠበቁም፣ እናት ስለ ልጇ መጨነቋም የሚነቀፍ አይደለም። ማንም ሰው በፍቅር ውስጥ እንዲቆይ አይገደድም፤ “እኔ እፈራለሁ፣ እኔ አልችልም” ብሎ መሄድ የእያንዳንዱ ሰው ሙሉ መብት ነው። ስሕተቱ የሚጀምረው ሂያጁ የራሱን ፍርሃት ለሌላው እንደተደረገ ውለታ አድርጎ ሲያቀርበው ነው፤ ያን ጊዜ የተተወው ሰው ከሐዘኑ በላይ፣ የራሱን ሕይወት የማመዛዘን ችሎታውም ይነጠቃል።

እ.ኤ.አ. በኅዳር 1999 “ኤንጀል” በተሰኘው ተከታይ ድራማ ውስጥ የቀረበው ክፍል ይህንኑ ስሕተት እስከ ጥጉ ያደርሰዋል። ኤንጀል በአንድ ጭራቅ ደም ምክንያት ሰው ሆኖ ከባፊ ጋር አንድ ቀን በደስታ ካሳለፈ በኋላ፣ ያለ ኃይሉ ሊጠብቃት እንደማይችል ሲረዳ፣ ያ ቀን እንዳልነበረ እንዲደመሰስ ብቻውን ተስማማ። ለባፊ የነገራት ሊደመሰስ ደቂቃ ሲቀረው ነበር፤ ከዚያ በኋላ የሚያስታውሰው እርሱ ብቻ ነው። ብዙ ተመልካቾች በመሥዋዕትነቱ ያለቀሱለት ይህ ተግባር፣ በቅርበት ሲታይ፣ የአንዲትን ሴት ደስታና ትዝታ ያለ ፈቃዷ መውሰድ ነው።

ድራማው ለዚህ ዕዳ የሚመጥን መልስ የሰጠው እ.ኤ.አ. ግንቦት 20 ቀን 2003 በተላለፈው የመጨረሻ ክፍል ነው። ኤንጀል ሊረዳት ሲመጣ ባፊ ራሷን ገና ካልተጋገረ የብስኩት ሊጥ ጋር አመሳስላ፣ ማንነቷን ገና እየፈለገች መሆኗን ነግራው፣ በጦርነቱ ብትሸነፍ ሁለተኛውን ግንባር እንዲይዝ ወደሚኖርባት ሎስ አንጀለስ ትመልሰዋለች። ይህም መለያየት ነው፤ ነገር ግን ስለ ራሷ ተናገረች እንጂ ለእርሱ ምን እንደሚበጀው አልወሰነችለትም፣ እርሱም ምክንያቷን ሰምቶ አከበረላት። መለያየትን ፍትሐዊ የሚያደርገው የመሥዋዕትነቱ ታላቅነት ሳይሆን፣ እያንዳንዱ ስለ ራሱ እውነቱን ተናግሮ የሌላውን ሕይወት ለባለቤቱ መተዉ ነው።