ስልኩ ተበላሸ ከማለት በፊት

ቀደም ባለው ዘመን የቤተሰብ ፎቶግራፍ የሚቀመጠው በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከሣጥን ውስጥ፣ ወይም በክፈፍ ገብቶ ከሳሎኑ ግድግዳ ላይ ነበር። ዛሬ የሠርጉም፣ የክርስትናውም፣ የምርቃቱም ፎቶ ያለው በእጅ ስልክ ውስጥ ነው። የሣጥኑ ቁልፍ ቢጠፋ ሣጥኑ ይሰበራል። ስልኩ ያለውን ለኮምፒዩተር አልሰጥም ሲል ግን ምን ይደረጋል? የዛሬው ርእሳችን ይኸው ነው።

በምሥራቅ ጎጃም፣ ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በአማኑኤል ከተማ የሚኖሩ አንዲት እናት ያጋጠማቸውን እንመልከት። ወላጅ እናታቸው ካረፉ ዓመት ሊሞላ ተቃርቧል። ለሙት ዓመቱ የሟቿን ፎቶ አሳድገው በክፈፍ ለማድረግ አሰቡ። ፎቶው ግን ከስልካቸው በቀር የትም የለም። ስለዚህ ወደ አንድ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ሄዱ። ወጣቱ ሠራተኛ ስልኩን ከኮምፒዩተሩ ጋር በገመድ አገናኘው። ስልኩ ቻርጅ ማድረግ ጀመረ፤ ኮምፒዩተሩ ግን ስልክ መኖሩን ጭራሽ አላወቀም። ልጁ ሁለት ሦስት ጊዜ ነቅሎ ሰካና፣

«እናቴ፣ ስልኩ ተበላሽቷል። ፎርማት መደረግ አለበት» አላቸው።

«ፎርማት ሲደረግ ፎቶውስ?»

«እሱማ ይጠፋል።»

«እንግዲያውስ ስልኬን ስጠኝ፣ ልጄ» ብለው ተቀብለውት ወጡ።

በማግሥቱ ልጃቸው ከጎረቤት ሌላ ገመድ ተውሳ መጣች። እናትና ልጅ ወደዚያው ቤት ተመልሰው በአዲሱ ገመድ ቢሞክሩት ፎቶው ሁሉ ወዲያው ወጣ። ለካ ጥፋቱ የስልኩ ሳይሆን የገመዱ ኖሯል። እኚህ እናት ስለ ኮምፒዩተር የተማሩት ነገር የለም። ያዳናቸው «ይጠፋል» የሚለውን ቃል ሲሰሙ እጃቸውን መሰብሰባቸው ነው።

ምክንያቱን እናስረዳ። በተለመደው የዩኤስቢ ገመድ ውስጥ አራት ቀጫጭን ሽቦዎች አሉ። ሁለቱ የኤሌክትሪክ ኃይል ያስተላልፋሉ፤ ሁለቱ ደግሞ ፎቶውን፣ ድምፁንና ጽሑፉን ያመላልሳሉ። በርካሽ ከሚሸጡት ገመዶች አንዳንዶቹ የኃይሉን ሽቦዎች ብቻ የያዙ ናቸው። ሌሎቹም በመጠማዘዝ ብዛት ውስጣቸው ይበጠሳል። ስለሆነም ስልኩ ቻርጅ ማድረጉ ብቻ ገመዱ ደኅና ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ችግር ሲያጋጥምዎ የሚከተሉትን በተራ ይሞክሩ።

አንደኛ፤ ገመዱን ይለውጡ። ከተቻለ ከስልኩ ጋር አብሮ የመጣውን ይጠቀሙ። ኮምፒዩተሩ ላይ የሚሰካበትንም ቀዳዳ ይቀይሩ።

ሁለተኛ፤ የስልኩን መሰኪያ ይመልከቱ። በኪስና በቦርሳ ውስጥ የሚገኝ ብናኝ፣ ጤፍ ሲነፋና ዱቄት ሲነካካም የሚቦንነው አቧራ ቀስ በቀስ ገብቶ ይጠቀጠቃል። ስልኩን አጥፍተው በደረቅና በቀጭን የእንጨት ስንጥር በእርጋታ ያውጡት። መርፌም ሆነ ውሃ ማስነካት አይገባም።

ሦስተኛ፤ የስልኩን የይለፍ ቁጥር አስገብተው ይክፈቱት። ስልክ እንደ ጥንቁቅ ባለቤት ነው፤ ከደጅ የመጣን እንግዳ «ማን ነህ?» ሳይል አያስገባም። በብዙዎቹ የአንድሮይድ ስልኮች ገመድ ሲሰካ ስልኩ በራሱ የሚመርጠው ቻርጅ ማድረግን ብቻ ነው። ጣትዎን ከስክሪኑ አናት ወደ ታች ሲስቡ ስለ ዩኤስቢ የሚናገር ማስታወቂያ ያገኛሉ። እሱን ተጭነው «ፋይል ትራንስፈር» የሚለውን ይምረጡ። አይፎን የያዙ እንደሆነም ስልኩ ይህን ኮምፒዩተር ያምኑት እንደሆነ ይጠይቅዎታል፤ እሺታዎን ካልሰጡ ፎቶዎቹን አያሳይም።

አራተኛ፤ ስልኩንም ኮምፒዩተሩንም አጥፍተው ያስነሡ። ይህም ካልረዳ በሌላ ኮምፒዩተር ይሞክሩ። በሁለተኛው ላይ ከሠራ ስልክዎ ጤነኛ ነው ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ተሞክሮ እንቢ ቢል እንኳ ፎርማት ለማድረግ አይቸኩሉ። ስልኩን ወደ ፋብሪካ ይዞታው መመለስ በውስጡ ያለውን ሁሉ ያጠፋል። ስልኩ እየሠራ ከሆነ ፎቶዎቹን አስቀድሞ በብሉቱዝ ወይም በቴሌግራም ወደ ቤተሰብ ስልክ መላክ ይቻላል። በቴሌግራም ሲልኩ እንደ ፋይል ቢልኩት ፎቶው ጥራቱን አይቀንስም። ፎቶው የተቀመጠው በሚሞሪ ካርዱ ላይ ከሆነም ካርዱን አውጥቶ በካርድ ማንበቢያ መገልበጥ ሌላው መንገድ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ሌላ ማሳሰቢያ አለን። ስልክዎን በሰው ቤት ኮምፒዩተር ላይ ሲያሰኩ አጠገቡ ይቁሙ። የሚፈለገውን ፎቶ ብቻ ያስገልብጡ፤ ሥራው ሲያልቅም በኮምፒዩተሩ ላይ የቀረውን ግልባጭ በዓይንዎ እያዩ ያስጠፉ። የቤት ገመና ያለበትን ስልክ ጥሎ ወደ ገበያ መሄድ ቤትን ሳይቆልፉ እንደ መውጣት ነው። ሲያስገለብጡም ትእዛዙ «ኮፒ» ይሁን፤ «ከት» አይሁን። ዝውውሩ መሐል ላይ ቢቋረጥ በኮፒ ጊዜ ዋናው ከስልኩ ውስጥ እንዳለ ይቆያል። ግልባጩ ተከፍቶ መታየቱን ሳያረጋግጡም ከስልክዎ ምንም አይሰርዙ።

አንዳንድ አንባቢያን፣ «ኢንተርኔት እያለ ገመድ ምን ያደርጋል?» ይሉ ይሆናል። በእርግጥ ጉግል ፎቶን የመሳሰሉ አገልግሎቶች ፎቶን በራሳቸው ወስደው ያስቀምጣሉ። ነገር ግን በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት በተቋረጠ ጊዜ በዚህ መንገድ ብቻ የተመኩ ሁሉ አዲስ ያነሡትን ፎቶ በስልካቸው ብቻ ይዘው ለመቆየት ተገደዋል። ገመድ ግን ኔትዎርክም ሆነ የኢንተርኔት ጥቅል አይፈልግም።

ስልክ ይወድቃል፤ ይሰረቃል፤ ውሃ ይገባበታል። ስክሪኑ ተሰብሮ ንክኪ የማይቀበል ስልክ የይለፍ ቁጥሩን ማስገባት ስለሚያስቸግር ከኮምፒዩተር ጋር ቢገናኝም ያለውን ላይሰጥ ይችላል። ስለዚህ የሚወዱት ፎቶ ቢያንስ በሁለት ቦታ ይኑር፤ አንዱ በስልክዎ፣ ሌላው በኮምፒዩተር ወይም በፍላሽ። ከሁሉም የሚወዱትን ደግሞ በወረቀት ያሳትሙት። ብልህ እመቤት የዘር እህሏን ሁሉ በአንድ ጎተራ አታኖርም።

የአማኑኤሏ እናት ፎቶ ዛሬ በክፈፍ ገብቶ ከሳሎኑ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ልጅየዋም ሁለተኛውን ግልባጭ በፍላሽ ይዛለች። እርስዎስ? ይህን ጽሑፍ አንብበው ሲጨርሱ ስልክዎን ያንሡና ቢጠፋ የሚያስለቅስዎ ፎቶ የትኛው እንደሆነ ይመልከቱ። ሥራዎን ከእሱ ይጀምሩ።