ፓስወርድ አይዋስም

በዚህ ሳምንት ሲግናል አካባቢ አንድ መሥሪያ ቤት ጉዳይ ነበረኝ። በር ላይ ኪሴ ተፈተሸ፣ መታወቂያዬ ተያዘ፣ ላፕቶፔ ተመዘገበ። ውስጥ ያየሁት ነገር ግን እስካሁን ያንገበግበኛል። ጉዳዬን የያዘችው ወጣት መዝግባ ስትጨርስ የሚያጸድቀው ኃላፊ ስብሰባ ላይ ነበር። ደወለችለት። «ፓስወርዱን ታውቂው የለ እንዴ? ራስሽ አጽድቂው» አላት። በእሱ ስም ገብታ አጸደቀችው።

አጥርና ዘበኛ ላይ ያለኝ ቅሬታ የቆየ ነው። በር ላይ ሰውን እናራግፋለን፣ ከበሩ ወዲህ ያለውን ሁሉ እናምናለን። «ዜሮ ትረስት» የሚባለው አሠራር የሚቃወመው ይህንኑ ነው። ጆን ኪንደርቫግ የተባለው ተንታኝ በ2010 እ.ኤ.አ. ሲያስተዋውቀው፣ ኔትወርኩ ውስጥ መገኘት ብቻውን ማንንም ታማኝ አያሰኝም ብሎ ነው የተነሣው። እያንዳንዱ ሰው በራሱ ስም ይገባል፣ ማንነቱ በየጊዜው ይረጋገጣል፣ ለሥራው ከሚያስፈልገው በላይ አይከፈትለትም።

«ባልደረባን አለማመን ነው፤ ነውር ነው» የሚሉኝ አሉ። ነውሩስ ያችን ልጅ ያለ ምስክር ማስቀረት ነው! ነገ ገንዘብ ቢጎድል መዝገቡ ኃላፊው አጸደቀ ይላል፤ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነበርኩ ይላል፤ ጣት ወደ እሷ ይቀሰራል። ጥፋቱ የእሱ ቢሆን እንኳ የምታስረዳበት የላትም። «ውድ ነው» ለሚሉት ደግሞ፣ ፓስወርድ አለማዋስ ግዢ አይጠይቅም።

አደጋ ከአጥሩ ውስጥም እንደሚነሣ ለማየት፣ መጋቢት 2016 የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የደረሰበትን አስታውሱ። ደንበኞች በሒሳባቸው የሌለ ገንዘብ ሲያወጡና ሲያስተላልፉ አደሩ፤ ባንኩ ያለአግባብ ተወሰደ ያለው ገንዘብ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ነው። የሳይበር ጥቃት አልነበረም፤ ችግሩ የመጣው ሲስተሙ ላይ ከተደረገ ማሻሻያ ነው ተባለ። አጥሩን የነካው የለም ማለት ነው። ባንኩ ገንዘቡን ያልመለሱትን ሰዎች ስምና ፎቶ እስከ መለጠፍ የደረሰው እያንዳንዱ ብር በወሰደው ሰው ስም ስለተመዘገበ ነው።

ሁሉን በየስሙ የመመዝገብ ጥንቃቄ ከመስኮቱ ወዲያ ለተቀመጠው ሠራተኛም ይገባል። አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ከወጣ ወዲህ ፋይዳ የተባለው ዲጂታል መታወቂያ የጣት አሻራችንንና የዓይናችንን ብሌን እየመዘገበ ነው፤ የባንክ ሒሳብ ለመክፈትም እየተጠየቅንበት ነው። ዜጋው እስከ ዓይኑ ብሌን ተለይቶ ሳለ፣ በአንዳንድ መሥሪያ ቤት ፋይሉን የሚከፍቱት ሠራተኞች ሁለት ሦስት ሆነው በአንድ ፓስወርድ ይገባሉ። በ2016 የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅም ወጥቶልናል። ግን «ፋይሌን ማን ከፈተው?» ብዬ ብጠይቅ፣ ፓስወርድ የሚዋዋሱበት መሥሪያ ቤት ምን ብሎ ይመልስልኛል?

ኃላፊዎች ሆይ፣ ስብሰባ ስትገቡ በራሱ ስም የሚያጸድቅ ሌላ ሰው ወክሉ፤ የመዘገበው ራሱ አያጽድቅ። የለቀቀ ሠራተኛ መግቢያም በለቀቀበት ዕለት ይዘጋ።